ከአየር የተጨለፈ ውኃ

በነሐሴ አመሻሽ ላይ በጅቡቲ ከተማ መንገዶች የተራመደ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የዝናብ ምልክት የለም። ሆኖም ግድግዳ ላይ በተሰቀሉት ኤሲዎች ሥር ያለው አስፋልት ረጥቧል። በእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ ውስጥ ማንም ያልዘራው ሣር በቅሏል። አንዱ ሱቅ በር ላይ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል፤ ከላይኛው ፎቅ የወረደች ቀጭን ጎማ አፉ ውስጥ ገብታለች። ጀሪካኑ ሲሞላ ባለሱቁ ያነሣዋል፣ በውኃው ደጁን ይረጫል፣ አቧራው ሲተኛ ጀሪካኑን መልሶ ከጎማው ሥር ያስቀምጣል።

ያ ውኃ ከየት መጣ? የቤት ኤሲ ከቧንቧ መስመር ጋር አይገናኝም፤ የውኃ ማጠራቀሚያም የለውም። ጀሪካኑን የሞላው ውኃ ጥቂት ቀደም ብሎ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሲተነፍሱት በነበረው አየር ውስጥ ነበር።

ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ያየ ወይም ጧት ሲነሣ ምንጣፉን እርጥብ ያገኘ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣለት «ኤሲው ተበላሽቶ ውኃ አመጣ» የሚለው ነው። ውኃ ማምጣቱ ግን ሥራው ነው። የተበላሸው የውኃው መውጫ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አላት። ታሪኩም የሚጀምረው ሰውን ሙቀት ስላስጨነቀው አይደለም፤ ወረቀት ውኃ ስለጠጣ ነው።

ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ያልበዋል። ልጆች ጠርሙሱ የሚያፈስ ይመስላቸዋል፤ ላቡ ግን ከአካባቢው አየር የመጣ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ የመሸከም አቅሙ ይወርዳል። በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 40 ግራም ውኃ ይይዛል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከ10 ግራም በታች ብቻ ነው የሚይዘው። የተረፈው 30 ግራም ሜዳ አይቀርም፤ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ንጋት ላይ ሣር ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይባላል። ኤሲ ውስጥ በተደረደሩት ቀዝቃዛ ቱቦዎች፣ ቴክኒሻኖች ኮይል በሚሉት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ተንጠባጥቦ ትሪ ውስጥ ይወርዳል፤ ከትሪው በጎማ ወደ ውጭ ይሸኛል።

አንድ ዓይነት ኤሲ ጅቡቲ ላይ ጀሪካን የሚሞላውና ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ጎማውን እንኳ በቅጡ የማያረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ከተሞች ይሞቃሉ፤ የባሕሩ ዳር አየር ግን ውኃ ተሸክሟል። እንዲህ ባለ እርጥብ ቦታ ለአንድ መኝታ ቤት የሚሆን 12 ሺህ ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ኤሲ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ውኃ ሊያወጣ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል ማለት አንድ ባልዲ ውኃ በዚያች ቀጭን ጎማ ያልፋል ማለት ነው። ጎማዋ ከተዘጋች ባልዲው አልጋው ላይ ይፈስሳል።

ኤሲ ከመፈጠሩ በፊት ቅዝቃዜ የሚሸጠው በክብደት ነበር። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሆኖ፣ በ1806 ፍሬደሪክ ቱዶር የተባለ የቦስተን ነጋዴ ከኒው ኢንግላንድ ሐይቆች የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ላከ። ሰዎች ሳቁበት። በ1833 ግን የእሱ በረዶ ከቦስተን ተነሥቶ አራት ወር ያህል ተጉዞ ካልካታ ደረሰ። ሲነሣ 180 ቶን ነበር፤ ሲደርስ 100 ቶን ያህል ቀርቶታል። ሰማንያው ቶን በመንገድ ላይ ውኃ ሆኗል። ያም ሆኖ ትርፍ ነበረው። ቅዝቃዜን የሸጠ ሰው ሁሉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቅዝቃዜውን ተከትሎ ከሚመጣው ውኃ ጋር ሲታገል ኖሯል።

በረዶው ቤት ሲገባ ትግሉ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ከተሞች የተለመደው ፍሪጅ ከእንጨት የተሠራ፣ ውስጡ በቆርቆሮ ወይም በዚንክ የተለበጠ ሣጥን ነበር። በረዶ አመላላሹ ጠዋት መጥቶ አንድ ግንዲላ በረዶ ከላይ ያስቀምጣል። በረዶው ቀን ሙሉ ይቀልጣል፤ ውኃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ከሣጥኑ ሥር በተቀመጠ ትሪ ይጠራቀማል። ትሪውን መድፋት የቤት እመቤቷ ወይም የልጆች ሥራ ነበር። የረሳ ሰው ጠዋት ማዕድ ቤቱ ጎርፎ ያገኘዋል። አንዳንዱ ቤት ወለሉን ቀድዶ ቱቦውን ወደ ምድር ቤት ወይም ወደ ውጭ አወጣው።

አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር አያያዘው። በዚህ ጊዜ ከፍሳሹ የሚወጣው መጥፎ ጋዝ በዚያው ቱቦ ወደ ምግቡ ሣጥን ተመልሶ ወጣ። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኒው ዮርክ የወጡ የቧንቧ ሥራ ደንቦች የበረዶ ሣጥን ቱቦ ከፍሳሽ መስመር ጋር በቀጥታ እንዳይገናኝ ከለከሉ፤ ውኃው ክፍት ቦታ ላይ ወርዶ ነው ወደ ፍሳሹ መግባት ያለበት አሉ። ዛሬ የኤሲውን ጎማ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ አሽጎ የሚሄድ ሠራተኛ ይህን የቆየ ትምህርት አልሰማም ማለት ነው። ቤቱ ከሳምንት በኋላ ሲሸት ባለቤቱ ኤሲውን ይወቅሳል።

ያ የበረዶ ዘመን ሌላም ያወረሰው ነገር አለ። በሪያድም በአዲስ አበባም ኤሲ ሊገዛ የገባ ሰው «ስንት ቶን ይሁን?» ተብሎ ይጠየቃል። ኤሲው ግን ያን ያህል አይመዝንም፤ ሁለት ሰው ተሸክሞት ደረጃ ይወጣል። ቶኑ የበረዶ ቶን ነው። አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ፣ ማለትም 907 ኪሎ ያህል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚሰጠው ቅዝቃዜ «አንድ ቶን» ተባለ፤ እሱም በሰዓት 12 ሺህ ቢቲዩ ነው። የበረዶ ሣጥኑ ከቤት ከወጣ ዘመናት አልፈዋል፤ መለኪያው ግን በየሱቁ አለ።

ቅዝቃዜን በማሽን ለመሥራት ቀድሞ ከደከሙት አንዱ ሐኪም ነበር። ጆን ጎሪ በፍሎሪዳ አፓላቺኮላ በተባለች የወደብ ከተማ በወባና በቢጫ ወባ የሚሠቃዩ በሽተኞችን ያክም ነበር። ክፍላቸውን ለማብረድ በረዶ የተሞላ ገበቴ ከጣሪያው ሥር አንጠለጠለ፤ የቀዘቀዘው አየር ወደ በሽተኛው ይወርዳል። በረዶው ግን ከሰሜን በመርከብ የሚመጣ ነበር፤ መርከቡ ሲዘገይ ሕክምናው ይቋረጣል። ስለዚህ በረዶ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ፤ በ1851 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ገንዘብ የሚያወጣለት ግን አላገኘም። በ1855 ሲሞት ማሽኑ ገበያ አልወጣም ነበር። ዛሬ ሐውልቱ በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ከቆሙት መካከል ነው፤ ፍሎሪዳ ናት ያቆመችለት።

የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ በደረሰበት በ1902፣ ከውቅያኖስ ማዶ በብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ቀለም አልገጥም ብሎት ተቸግሮ ነበር። ሳኬት ኤንድ ዊልሄልምስ ይባላል። በዚያን ዘመን ባለቀለም ሥዕል የሚታተመው አንዱን ቀለም በአንዱ ላይ በመደረብ ነው፤ ወረቀቱ ለቢጫው አንድ ጊዜ፣ ለቀዩ ሌላ ጊዜ፣ ለሰማያዊውም እንደዚያው በማተሚያው ውስጥ ያልፋል። በኒው ዮርክ በጋ ግን አየሩ ይረጥባል። ወረቀት የእርጥበት ወዳጅ ነው፤ ይጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቢጫው ሰኞ ታትሞ ቀዩ ማክሰኞ ሲደረብ ወረቀቱ ትናንት የነበረበት ልክ ላይ የለም። የፀጉር ውፍረት የምታህል ልዩነት የሰውን ፊት ከከንፈሩ ታለያየዋለች። ሥራው ይጣላል።

ችግሩ ቡፋሎ ፎርጅ ለተባለ የማሞቂያና የማራገቢያ ኩባንያ ቀረበ፤ ኩባንያው ደግሞ ለዊሊስ ካሪየር ሰጠው። ካሪየር ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከወጣም አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። በመጀመሪያ የሞከረው መንገድ የማንኛዋም የቤት እመቤት ሐሳብ ይመስላል፤ እርጥበት የሚመጥ ጨው የተነከረበት ጆንያ መሰል ጨርቅ አየሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ዘረጋ። ጨርቁ እርጥበቱን መጠጠ፤ አየሩ ግን ጨው ይዞ ወጣ፤ ማተሚያ ማሽን ባለበት ቤት ደግሞ ጨው ማለት ዝገት ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጠ። ፋብሪካዎች እንፋሎት አሳልፈው አየር የሚያሞቁባቸውን ቱቦዎች ወሰደና በእንፋሎት ፈንታ ቀዝቃዛ ውኃ አሳለፈባቸው። አየሩ በቱቦዎቹ መሐል ሲያልፍ ውኃውን ጥሎ ያልፋል።

በካሪየር የንድፍ ሥዕሎች ላይ የሰፈረው ቀን ሐምሌ 17 ቀን 1902 ነው፤ የዘመናዊው ኤሲ የልደት ቀን ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ካሪየር የተጠየቀው ዓመቱን ሙሉ እርጥበቱን 55 በመቶ ላይ እንዲያቆም ነበር። የተከላው የማቀዝቀዝ አቅም በቀን 108 ሺህ ፓውንድ በረዶ ከማቅለጥ ጋር እኩል ሆነ፤ በዚያው በበረዶ ነጋዴዎች ሚዛን 54 ቶን። ሠራተኞቹ መብረዳቸው በትርፍ የመጣ በረከት ነው። ከዚያ ማሽን የተፈለገው ውኃን ከአየር ማውጣት ነበር። ስለዚህ የዛሬው የቤት ኤሲ ጎማ ሲንጠባጠብ የሚሠራው የማሽኑን የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ካሪየር በፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ባቡር ይጠብቅ ነበር። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉሙ መድረኩን ሸፍኖታል። ወዲያ ወዲህ እያለ ጉሙን ያይ ጀመር። ጉም ማለት የሚችለውን ያህል ውኃ የጠገበ አየር ነው። ሆኖም ቅዝቃዜው ስላለ በውስጡ ያለው የውኃ መጠን ጥቂት ነው። ታዲያ አየርን በቀዝቃዛ የውኃ ርጭት ውስጥ አሳልፎ ጉም ቢያደርገው፣ የርጭቱን ቅዝቃዜ በመቆጣጠር ብቻ በአየሩ ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት መወሰን ይችላል። አየርን በውኃ ማድረቅ ማለት ነው። ለሰሚ ግራ ቢሆንም ሠራ፤ በጥር 1906 የፈጠራ መብቱ ጸደቀ። በ1911 ደግሞ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ጤዛ የሚወርድበትን ነጥብ የሚያያይዘውን ስሌት ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። የዛሬ መሐንዲስ ከአንድ ሕንፃ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚወርድ የሚያሰላው ያን መሠረት ይዞ ነው።

«ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚለው ስም ግን የካሪየር አይደለም። በ1906 ስቱዋርት ክሬመር የተባለ የሰሜን ካሮላይና የጨርቃጨርቅ መሐንዲስ ያወጣው ነው። እሱ ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነበር፤ ክር ሲደርቅ ይበጠሳልና በፈትል ፋብሪካዎች አየር ውስጥ እርጥበት መጨመር። ስሙን ያወጣው ሰው ውኃ ይጨምራል፣ ማሽኑን የሠራው ሰው ውኃ ያወጣል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውኃ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የተተረከ ነው። በ1920ዎቹ ሲኒማ ቤቶች ገቡበት፤ የኒው ዮርኩ ሪቮሊ በ1925 ተመልካቹን በቅዝቃዜ ጠራ። ዘመኑ ሲገፋ ቢሮው፣ ባቡሩ፣ ሆስፒታሉ ተከተሉ። ቤት ውስጥ በብዛት የገባው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በመስኮት በሚሰካው ኤሲ ነው። በ1947 በአሜሪካ 43 ሺህ ያህል ተሸጠ፤ በ1953 ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ።

የመስኮት ኤሲ ውኃውን በብልሃት ነው የያዘው። ማሽኑ ሁሉ በአንድ ሣጥን ነው፤ ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ጥቂት ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ይተከላል፤ ውኃውም ወደ ውጪው ክፍል ይሄዳል። እዚያ የማራገቢያው ዳር ላይ ያለ ቀለበት ውኃውን እየጨለፈ በጋለው ኮይል ላይ ይረጨዋል። ውኃው ይተንናል፣ ኮይሉ ይበርዳል፣ ማሽኑ ሥራው ይቀልለዋል። ከክፍሉ የወጣው እርጥበት ክፍሉን ለማብረድ ተመልሶ ይሠራል። ብዙ ሰው ግን ከሥሩ ውኃ ሲንቀሳቀስ ሲሰማ ተበላሸ ብሎ ሣጥኑን በመሰርሰሪያ ይበሳዋል፤ ይህን ብልሃት ያጠፋል፤ መንገደኛ አናት ላይም ውኃ ይለቃል።

የቤት ውስጥ ፍሳሽ ታሪክ የተቀየረው ጃፓን ላይ ነው። በ1961 ቶሺባ ለሁለት የተከፈለ ኤሲ አወጣ፤ ጫጫታ ያለው ኮምፕረሰር ከውጭ፣ ቀዝቃዛው ኮይል ከውስጥ፣ በመካከላቸው የመዳብ ቱቦ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ በረጅምና ቀጭን ማራገቢያ የሚሠራ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሞዴል አመጣ፤ ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ረዘም ያለ ነጭ ሣጥን የዚያ ልጅ ነው። ለጃፓን ጠባብ ቤቶች ትልቅ እፎይታ ነበር። መስኮቱ ነፃ ወጣ፤ ጩኸቱ ከቤት ወጣ።

ውኃው ግን ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ በፊት ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ይወርድ ነበር። አሁን ኮይሉ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ ሥሩ ጣት የምታህል ጥልቀት ያላት ትሪ አለች፤ ከትሪዋ የሚነሣው ጎማ ግድግዳ በስቶ መውጣት አለበት። ከዚህ በኋላ ቤቱ ደረቅ ሆኖ መኖሩ በፋብሪካው ላይ የቆመ አይደለም፤ መሰላል ላይ በወጣው ሠራተኛ እጅ ነው። ግድግዳውን ሲበሳ ቀዳዳው ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ አለበት። ጎማው በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ከፍ ካለ ውኃው ከሻኛው በስተኋላ ተኝቶ ይጠብቃል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ይረጋል። ሣጥኑ ራሱ በውኃ ልክ ካልተለካና መውጫው ወደሌለበት ጎን ካዘመመ ትሪዋ በዚያ በኩል ሞልታ ትፈስሳለች። መዳቡ፣ ጋዙና ኤሌክትሪኩ ብዙ ገንዘብና ጥንቃቄ ያገኛሉ፤ ጎማዋ ከሁሉ ርካሽ ስለሆነች የመጨረሻ ናት፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሲደክመው ነው የምትያዘው። የአብዛኛው የረጠበ ግድግዳ ታሪክ እዚህ ይጀምራል።

ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ ኤሲ ሲከፈት የሚታየውን ያየ ሰው ደግሞ አይረሳውም። ከፊት ያለው ክዳን ሲነሣ ፊልተሩ ላይ አቧራው ብርድ ልብስ ሆኗል። ከሥሩ ትሪዋ ውስጥ እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ነገር ተኝቷል፤ በጣት ሲነኩት ይሳባል። ጨለማ፣ እርጥበትና የቤት አቧራ ተገናኝተው ያበቀሉት የረቂቅ ሕዋሳት ክምችት ነው። ይህ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ጎማው አፍ ይሄድና ይወትፈዋል። ለብ ያለ ውኃ ከአንድ ብርጭቆ አቼቶ ጋር ቀስ ብሎ ማፍሰስ አብዛኛውን ያስለቅቀዋል፤ የተወተፈው ከጠነከረ ከውጪው ጫፍ በኩል መምጠጥ ይሻላል። አቼቶና በረኪናን መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጎማው ክፍት ሆኖ ቤት የሚጎርፍበትም ጊዜ አለ፤ ጥፋተኛው በረዶ ነው። ፊልተሩ ሲዘጋ በኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ኮይሉ ከዜሮ በታች ይወርድና የያዘውን እርጥበት በረዶ ያደርገዋል። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ይከማቻል። ጠዋት ኤሲው ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀልጥና ከትሪዋ አልፎ ይወርዳል፤ ያ የጥንቱ የበረዶ ሣጥን ጎርፍ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ፊልተሩ ታጥቦም በረዶው ከተመለሰ ጋዙ አንሷል። እዚህ ላይ «ጋዙ አለቀ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሰውን ያሳስታል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት የተበሳ ባልዲ መሙላት ነው።

ኮርኒስ ውስጥ የሚደበቁት ትልልቅ ኤሲዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ማራገቢያው አየር ሲስብ በፍሳሽ ቱቦውም በኩል ይስባል፤ ውኃው ሊወጣ ሲል አየሩ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ትሪው ይሞላል። መፍትሔው ከእጅ መታጠቢያ ሥር ያለችውን የመሰለች የታጠፈች ሲፎን ናት። በእጥፋቷ ውስጥ የሚቀር ውኃ አየሩን ይዘጋል፤ ፍሳሹን ያሳልፋል። ሲፎኗ የተረሳችበት ቤት ጂብሰሙ በየበጋው ይበሰብሳል።

ፎቅ በፎቅ ላይ በተከመረበት ከተማ ግን ውኃው ከቤት ቢወጣም ጠብ አይበርድም። ሆንግ ኮንግ ለዚህ ምስክር ናት። በጋዋ እንደ እንፋሎት ቤት ነው፤ ሕንፃዎቿ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ከየመስኮቱ ኤሲ ወጥቷል። ከሃያኛው ፎቅ የወረደች ጠብታ ታችኛው ጎረቤት የቆርቆሮ ከለላ ላይ ስታርፍ ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ትመታለች። ነዋሪዎች በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር አቤቱታ ለምግብና አካባቢ ንጽሕና መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ። ሠራተኞች ይመጡና ጠብታው ከየትኛው ቤት እንደሆነ ሽቅብ እያዩ ይፈልጋሉ። የሕዝብ ጤና ሕጉ የሚያንጠባጥብ ኤሲን እንደ ሁከት ይቆጥረዋል፤ ማስታወቂያ ደርሶት ያላስተካከለ ከባድ የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል። ለአንዲት ጎማ ይህ ብዙ ይመስላል፤ እንቅልፍ ያጣው የታችኛው ፎቅ ሰው ግን ብዙ ነው አይልም።

ስለ ጤና ሲነሣ አንድ ፍርሃት መለየት ያስፈልጋል። በ1976 በፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል ስብሰባ ላይ የነበሩ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት በማይታወቅ የሳንባ ሕመም መውደቅ ጀመሩ፤ በድምሩ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሽታው በእነሱ ስም ሌጂዮኔርስ ተባለ፤ ባክቴሪያውም በቀጣዩ ዓመት ተለየ። ይህ ባክቴሪያ የሚራባው በትልልቅ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ ማማዎችና በሞቃት ውኃ መስመሮች ውስጥ ባለ ለብ ያለ ውኃ ነው። የመኝታ ቤት ኤሲ ማማ የለውም፤ የትሪው ውኃም ቀዝቃዛ ነው። ከቤት ኤሲ ፍሳሽ የሚያሰጋው ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ እሱ ራሱ በቂ ጠላት ነው።

ጎማው በባልዲ የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት በሰው ቤት የሠሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ያን ባልዲ ያውቁታል። በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ በእርጥብ ወራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ ሞልቶ ማዳም ፊት እንዳይፈስ ሰዓት መቁጠር አለባቸው። ብዙዎቹ ውኃውን አይደፉትም። በረንዳ ይታጠብበታል፣ ወለል ይወለወልበታል፣ የእንፋሎት ካውያ ውስጥ ይገባል። ካውያው ላይ ያለው ብልሃት እውነት ነው። የኤሲ ውኃ ከእንፋሎት የተገኘ ስለሆነ እንደ ቧንቧ ውኃ ኖራ የለውም፤ ካውያውን በነጭ ቅርፊት አይደፍነውም። ለመጠጥ ግን አይሆንም። በኮይሉ ላይ ሲወርድ የብረት ርዝራዥ፣ በትሪዋ ላይ ደግሞ አቧራና ተሕዋስያን ይዟል።

እነዚህ ሴቶች በባልዲ የሠሩትን መሐንዲሶች በኋላ በቱቦ ሠሩት። በጥር 2010 የተከፈተው የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ከማቀዝቀዣዎቹ የሚወርደውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ምድር ቤት ማጠራቀሚያ ያወርዳል። በዓመት 57 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይሆናል፤ በሕንፃው ዙሪያ ያለውን የአትክልት ስፍራ ያጠጣል። በቴክሳስ የሳን አንቶኒዮ ከተማም አዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች ይህን ውኃ እንዲሰበስቡ ደንብ አውጥታለች። በእርጥብ የባሕር ዳርቻ ኤሲ ውኃ በጨለፈው መጠን ይከፈላል፤ ውኃው በኤሌክትሪክ የተገዛ ነው፤ መሬት ላይ መበተኑ ኪሳራ ነው።

ጅቡቲ ላይ ያለው ባለሱቅ ይህን ሁሉ በጀሪካን ያደርገዋል።

ሥራውን የሚያውቅ ቴክኒሻን ደግሞ ኤሲ ተክሎ ሲጨርስ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ክፍሉን ሞልቶታል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ሻይ አስቀርቧል፤ ሒሳቡም በእጁ ነው። ቴክኒሻኑ ግን መሰላሉን ገና አላጠፈም። አንድ ሊትር ውኃ በጆግ ያስመጣል፤ የፊቱን ክዳን አንሥቶ ቀስ እያለ ትሪዋ ላይ ያፈስሳል። ከዚያ ይወርድና በር ከፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማዋ ጫፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አየር ትንሽ ይተነፍሳል፤ አንድ ጠብታ ትመጣለች፤ ሁለተኛዋ ትከተላለች፤ ወዲያው ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ሊትሩ እስኪያልቅ ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ሻዩን ለመጠጣት ወደ ቤት የሚገባው።